ስምና ዕዳ፤ ስለ አትላንታ ከንቲባ ስለ ሜይናርድ ጃክሰን የተደረገ ንግግር



የአባቶች ሥራ በሚታሰብበት በእንዲህ ያለ በዓል ቀን አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። ሰው ከአባቱና ከአያቱ የሚወርሰው መልካም ስም ሀብት ነውን፥ ወይስ ዕዳ? ሀብት ነው ብሎ የሚያስብ ወራሽ ስሙን እየመነዘረ ይበላዋል፤ ዕዳ ነው ብሎ የሚያስብ ግን ከፍሎ እስኪጨርስ ድረስ ዕረፍት የለውም። አበው «የአባት ዕዳ ለልጅ» ሲሉ ኖረዋል። ይህ ተረት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ገንዘብ ነው፤ ነገር ግን ስለ ሹመትና ስለ ክብር ቢነገር ይልቁን የታመነ ይሆናል።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆን አንድ የሩቅ አገር ሰው አለ። ይኸውም በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት የአትላንታ ከተማ ከንቲባ የነበሩት ሜይናርድ ጃክሰን ናቸው። እሳቸው ከጥቁር ወገን ለዚያች ከተማ የመጀመሪያው ከንቲባ ሲሆኑ፥ ሦስት ጊዜ ተመርጠው በጠቅላላው 12 ዓመት አስተዳደሯት። ከወረሱት ዕዳ ብዙውን ከፈሉ፤ አንዳንዱን ግን ሳይከፍሉ ቀሩ። ሁለቱንም መስማት ይጠቅማል። በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

ታሪኩ ከአያት ይጀምራል። የእናታቸው አባት አቶ ጆን ዌስሊ ዶብስ በ1882 ዓ.ም. በጆርጂያ ተወለዱ። በአሜሪካ ባርነት በሕግ የቀረው በ1865 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ አቶ ዶብስ የተወለዱት ነጻነት ከታወጀ ገና በ17ኛው ዓመት ነው። ካደጉም በኋላ በምድር ባቡር ላይ የፖስታ ደብዳቤ የሚለይ ጸሐፊ ሆነው ከ30 ዓመት በላይ አገለገሉ። ይህ ሥራ ዛሬ ትንሽ ይመስላል፤ በዚያ ዘመን ግን ለጥቁር ሰው የመንግሥት ደመወዝ ማግኘት ታላቅ ነገር ነበረ። በዚህም ደመወዝ ስድስት ሴቶች ልጆች አሳደጉ፤ ስድስቱንም በአትላንታ ከሚገኘው ስፔልማን ከሚባለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት አስመረቁ።

አቶ ዶብስ ለወገናቸው ሦስት ነገር ያስፈልገዋል እያሉ ያስተምሩ ነበር። እነዚህም ገንዘብ፥ የምርጫ ድምፅና መጽሐፍ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ነጻነት በወረቀት ብቻ ይቀራል ይሉ ነበር። ይህን ሦስትነት ልብ ይሏል፤ የቤተ ሰቡ ታሪክ ሁሉ በእርሱ ላይ ቆሟልና።

አስቀድመው የጀመሩት በድምፅ ነው። በዚያ ዘመን በጆርጂያ እውነተኛው ምርጫ የሚፈጸመው በዴሞክራቲክ ፓርቲ ውስጥ ነበር፤ ፓርቲው መርጦ ያቀረበው ሰው በኋላ በጠቅላላው ምርጫ ማሸነፉ አይቀርም ነበርና። ወደዚህ ወደ ፓርቲው ምርጫ ደግሞ ነጭ ያልሆነ ሰው እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። ስለዚህ ጥቁር ሰው ግብር ይከፍላል፥ በጦርነት ይዘምታል፥ ነገር ግን የሚገዛውን ሰው አይመርጥም። አቶ ዶብስ በ1936 ዓ.ም. አንድ ማኅበር አቋቁመው፥ ሕዝቡ በምርጫ መዝገብ እንዲጻፍ ቤት ለቤት፥ ቤተ ክርስቲያን ለቤተ ክርስቲያን እየዞሩ መስበክ ጀመሩ።

በዚያን ጊዜ የከተማይቱ ከንቲባ ዊልያም ሃርትስፊልድ የሚባሉ ነጭ ነበሩ። እንደሚነገረው አቶ ዶብስና ጓደኞቻቸው ጥቁር ፖሊስ ይቀጠርልን፥ መንገዳችን መብራት ይግባለት ብለው ወደ ከንቲባው በሄዱ ጊዜ፥ ከንቲባው አስቀድማችሁ አሥር ሺህ መራጭ ይዛችሁ ኑ ብለው መለሷቸው። ይህ መልስ ለብዙ ሰው ስድብ ይመስለዋል፤ ለአቶ ዶብስ ግን የሂሳብ ትምህርት ሆነላቸው። በ1946 ዓ.ም. ያ ነጮች ብቻ የሚገቡበት የፓርቲ ምርጫ በፍርድ ቤት ሲሻር፥ የተዘጋጀው ሕዝብ በሺህ በሺህ ሆኖ ወደ መዝገቡ ጎረፈ። በ1948 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ስምንት ጥቁር ፖሊሶች ተቀጠሩ። ነገር ግን ነጭ ወንጀለኛ እንዳይዙ ተከለከሉ፤ የደንብ ልብሳቸውንም ከሌሎቹ ፖሊሶች ጋራ በአንድ ቤት እንዳይለብሱ ተደረገ። በ1949 ዓ.ም. ደግሞ አቶ ዶብስ ከሪፐብሊካን ፓርቲ ሳሉ፥ ከዴሞክራቲክ ፓርቲ ከሆነው ከጠበቃው ከአ. ቲ. ዋልደን ጋራ ሆነው የመራጮችን ማኅበር መሠረቱ። የፓርቲ ልዩነት ከወገን ጉዳይ እንዳይበልጥ ማድረጋቸው ነው።

አቶ ዶብስ በማዘጋጃ ቤት አንድም ቀን ሹመት አልያዙም። ሕዝቡ ግን «የኦበርን ጎዳና ከንቲባ» ይላቸው ነበር። የማዕርግ ስሙ ነበራቸው፥ ወንበሩ አልነበራቸውም። በ1961 ዓ.ም. የአትላንታ ትምህርት ቤቶች ነጭና ጥቁር ተማሪዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ ባንድነት በተቀበሉበት ሳምንት ዐረፉ።

ከዚህ ቀጥሎ የእናትን ነገር ማንሣት ይገባል። የአቶ ዶብስ ልጅ ወይዘሮ አይሪን ዶብስ ጃክሰን የፈረንሳይኛ ቋንቋ መምህርት ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ከቱሉዝ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። እንዲህ ያሉ የተማሩ ሴት ወደ አትላንታ ሲመለሱ፥ በከተማው ዋና የመጻሕፍት ቤት እንደ ነጮቹ አንባብያን ገብተው መጽሐፍ ተውሰው ለመውጣት አይችሉም ነበር። በ1959 ዓ.ም. ወደዚያ ሄደው የመዋሻ ወረቀት እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ ተሰጣቸውም። በዚህም የከተማይቱ የመጻሕፍት ቤት ለሁሉ ተከፈተ። አባታቸው ስለ ድምፅ ሲደክሙ ኖሩ፤ እሳቸው ደግሞ የመጽሐፉን ደጅ ከፈቱ።

እኅታቸው ወይዘሮ ማቲዊልዳ ዶብስ በዜማ ትምህርት የታወቁ ነበሩ። በ1953 ዓ.ም. በኢጣልያ በሚላኖ ከተማ በላ ስካላ፥ በ1956 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን የዜማ ቲያትር ዘመሩ። ነገር ግን ነጭና ጥቁር ተለይቶ በሚቀመጥበት አዳራሽ አልዘምርም ብለው ስለ ማሉ፥ በተወለዱባት ከተማ በትልቁ አዳራሽ ለመዘመር እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነባቸው።

ሜይናርድ ጃክሰን ከዚህ ቤት በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት በቴክሳስ ግዛት በዳላስ ከተማ ነው። አባታቸው እንደ እርሳቸው ሜይናርድ የሚባሉ የባፕቲስት ሰባኪ ሲሆኑ፥ በ1945 ዓ.ም. በአትላንታ ፍሬንድሺፕ የምትባለውን ቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግሉ ተጠርተው ቤተ ሰባቸውን ይዘው መጡ። ልጁም ገና 15 ዓመት ሳይሞላው የላቀ ተማሪ ስለ ነበረ፥ ሞርሃውስ ወደሚባለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገባ። ብዙ ሳይቆይ በ1953 ዓ.ም. አባትየው ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ የአባት ቦታ የያዙት አያት ዶብስ ናቸው። ልጁም በ1956 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ተመረቀ።

እስከዚህ ድረስ የተሰማው ሁሉ ቀና መንገድ ነው። ነገር ግን ወጣቱ ጃክሰን ከዚህ በኋላ ተሰናከሉ። ወደ ቦስተን ሄደው የሕግ ትምህርት ጀመሩ፤ አልሆነላቸውም፤ ትተው ወጡ። የታላቅ ቤት ልጅ የነበሩት ሰው ኢንሳይክሎፒድያ የሚባለውን ትልቅ መጽሐፍ በየቤቱ ደጅ እያንኳኩ ለመሸጥ ተገደዱ። ያያት ስም በቦስተን በር አያስከፍትም፤ በር የሚያስከፍተው ትሕትናና ትዕግሥት ብቻ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሰሜን ካሮላይና ሄደው በአንድ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመሩና በ1964 ዓ.ም. በሕግ ተመረቁ። ወደ አትላንታም ተመልሰው ለድሆች ያለ ዋጋ የሚሟገት ጠበቃ ሆኑ።

በ1968 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር፥ በዚያው በኦበርን ጎዳና ተወልደው ያደጉት ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በሜምፊስ ከተማ ተገደሉ። ዶክተር ኪንግ ወደ ሜምፊስ የሄዱት ደመወዛቸው ያነሰ፥ ክብራቸውም የተነካ የቆሻሻ ጠራጊዎች አድማ ስላደረጉ እነርሱን ለመርዳት ነበር። ይህን ነገር ልብ ይሏል፤ በኋላ ይመለሳልና። በዚያው ሳምንት ለጃክሰን የመጀመሪያ ልጃቸው ተወለደች። አንድ ሳምንት ቀብርና ልደት አጋጠመላቸው፤ ያን ጊዜ የጥብቅናው ሥራ ብቻ እንደማይበቃ ቈረጡ።

በዚያው ዓመት፥ ዕድሜያቸው ገና 30 ሲሆን፥ ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት እንደራሴ ለመሆን ተወዳደሩ። የተወዳደሩት ከሄርማን ታልማጅ ጋራ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ቤት ከሁለት ቤት ጋራ መግጠሙን ማስተዋል ይገባል። የሄርማን ታልማጅ አባት ዩጂን ታልማጅ ብዙ ጊዜ የጆርጂያ አገረ ገዥ የነበሩ ሲሆኑ፥ በ1946 ዓ.ም. ሲወዳደሩ ፍርድ ቤት የሻረውን የነጮች ብቻ ምርጫ እመልሳለሁ ብለው የተነሡ ሰው ናቸው። አያት ዶብስ ሕዝቡን በመዝገብ የሚያስጽፉት፥ ዩጂን ታልማጅ ከመዝገቡ ለማስፋቅ በሚደክሙበት በዚያ ዘመን ነበር። እንግዲህ በ1968 ዓ.ም. የአንዱ ልጅና የሌላው የልጅ ልጅ ተፋጠጡ። ጃክሰን በግዛቱ በብዙ ድምፅ ተሸነፉ፤ በአትላንታ ከተማ ግን አሸነፉ። አያት ቤት ለቤት ያስጻፏቸው ሰዎችና ልጆቻቸው ለልጅ ልጃቸው ድምፅ ሰጡ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ተገለጠ። በ1969 ዓ.ም. ምክትል ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። በ1970 ዓ.ም. የአትላንታ ቆሻሻ ጠራጊዎች ደመወዝ ይጨመርልን ብለው አድማ ባደረጉ ጊዜ፥ ከንቲባው ሳም ማሴል ሠራተኞቹን አሰናበቱ፤ ምክትሉ ጃክሰን ግን ከአለቃቸው ተለይተው ከሠራተኞቹ ወገን ቆሙ። በ1973 ዓ.ም. ከዚያው ከከንቲባ ማሴል ጋራ ተወዳድረው አሸነፉ። በጃንዋሪ 1974 ዓ.ም. በ35 ዓመታቸው ከንቲባ ሆኑ። በሹመታቸው በዓል ላይ አክስታቸው ወይዘሮ ማቲዊልዳ ዘመሩ፤ ነጩና ጥቁሩም ሳይለይ ተቀምጦ ሰማ። አያት የማዕርጉን ስም ብቻ ይዘው ያለፉበትን ወንበር የልጅ ልጅ ተቀመጠበት።

እንግዲህ የቀረው ሦስተኛው ነገር ገንዘብ ነው። በአትላንታ ከሕዝቡ እኩሌታ የሚበልጠው ጥቁር ሆኖ ሳለ፥ ማዘጋጃ ቤቱ ለሥራ ተቋራጮች ከሚከፍለው ገንዘብ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ለጥቁሮች አይደርስም ነበር። ግብሩን ሁሉ ይከፍላል፤ ሥራውን ጥቂቱ ይወስዳል። በዚያን ጊዜ ከተማይቱ ታላቅ የአውሮፕላን ማረፊያ ልታሠራ ተነሥታ ነበር። ከንቲባ ጃክሰን ከዚህ ሥራ አራተኛው እጅ ለጥቁሮችና ከሥራው ርቀው ለኖሩ ወገኖች እንዲሰጥ፥ ትላልቆቹም ድርጅቶች ከትንንሾቹ ጋራ ተሻርከው እንዲሠሩ አዘዙ። ነጋዴዎቹ እጅግ ተቆጡ፤ ጋዜጦችም ነቀፏቸው፤ ሥራው ይዘገያል፥ ዋጋው ይበዛል ተባለ። ከንቲባው ግን ይህ ካልሆነ ማረፊያው ባይሠራ ይሻላል ብለው ጸኑ። አዲሱ ማረፊያ በ1980 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር በተቀጠረለት ጊዜና በተመደበለት ገንዘብ ተፈጽሞ ተመረቀ። ወጪው ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። ብዙ የጥቁሮች ድርጅቶች ከዚህ ሥራ ተነሥተው ባለጸጎች ሆኑ፤ ይህም ሥርዓት ለሌሎች ከተሞች ምሳሌ ሆነ።

ለባንኮችም እንዲሁ አደረጉ። በአመራራቸው ሴቶችንና ጥቁሮችን የማያስገቡ ባንኮች የከተማይቱን ገንዘብ እንደማያስቀምጡ አስታወቁ፤ ይህም ዛቻ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ከአንዱ ባንክ ገንዘብ አውጥተው ወደ ሌላ አዛወሩ። ደግሞ በ1974 ዓ.ም. ከተማይቱን ከፋፍለው በፊደል ሰየሟት፤ በየክፍሉም የሰፈሩ ነዋሪ ተሰብስቦ ስለ መንገዱ፥ ስለ ቤቱ፥ ስለ ቦታው አሳቡን ለማዘጋጃ ቤት የሚያቀርብበት ጉባኤ አቆሙ። ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የከንቲባ ሥራ በቤተ መዛግብት ሳይሆን በየሰፈሩ እንደሚጀመር ከአያታቸው ተምረዋል።

ነገር ግን የሰውን ታሪክ የሚናገር ሰው መልካሙን ብቻ ለይቶ ቢናገር ውዳሴ ይሆናል እንጂ ታሪክ አይሆንም።

በፖሊስ ላይ የበላይ አድርገው የሾሙት ሰው የትምህርት ቤት ጓደኛቸው ነበር። ይህ ሰው የፖሊሶች የማዕርግ ዕድገት ፈተና አስቀድሞ ለአንዳንዶቹ በመሰጠቱ ተከሰሰ። ከንቲባው ከብዙ ክርክር በኋላ በ1978 ዓ.ም. ከሥራው እንዲወጣ አደረጉ። ወዳጅን መሾም ቀላል ነው፤ ወዳጅን መሻር ግን ጊዜ ይፈጃል፤ በዚያም ጊዜ መካከል የሹሙ ስም ይጎዳል።

ከሁሉ የሚከብደው የ1977 ዓ.ም. ነገር ነው። በማርች መጨረሻ የአትላንታ ቆሻሻ ጠራጊዎች፥ ብዙዎቹ ጥቁሮችና ድሆች የሆኑት፥ እንደ 1970ው ደመወዝ ይጨመርልን ብለው ሥራ አቆሙ። ያን ጊዜ ከነርሱ ጋራ የቆሙት ጃክሰን አሁን በወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ከንቲባው በግምጃ ቤት ገንዘብ የለም አሉ፤ ካልተመለሳችሁም ሌላ ሰው እቀጥራለሁ ብለው አስጠነቀቁ። አልተመለሱም። ከንቲባ ጃክሰንም ከ900 የሚበልጡ ሠራተኞች አሰናበቱ። ነጋዴዎቹ አመሰገኗቸው። ብዙ ሰባኪዎችም ደገፏቸው፤ የዶክተር ኪንግ አባት እንኳ ከንቲባው ትክክል ናቸው አሉ። ልጃቸው ቆሻሻ ጠራጊዎችን ለመርዳት ሄዶ ከተገደለ ገና ዘጠኝ ዓመት ነበረ። ከጊዜ በኋላ ከተሰናበቱት ብዙዎቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ደመወዙ ግን የጠየቁትን ያህል አልተጨመረላቸውም። ከንቲባውም በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫ እንደ ገና ተመረጡ።

ስለዚህ ነገር ምን ይፈረዳል? የነገሥትን መጽሐፍ ያነበበ ሰው የሰሎሞንን ልጅ ሮብዓምን ማሰቡ አይቀርም። ሕዝቡ ቀንበሩን አቅልልልን ባሉት ጊዜ የሽማግሌዎቹን ምክር ትቶ በጽኑ ቃል መለሰላቸው፤ መንግሥቱም ተከፈለ። ጃክሰን እንደ ሮብዓም በትዕቢት አልተናገሩም፤ ጉድለቱ እውነተኛ ነበር፤ የከተማይቱ ሂሳብ ደግሞ በምኞት አይሞላም። ቢሆንም ወደ ቤቱ ያለ ደመወዝ ለተመለሰው ጠራጊ የትዕቢት መልስና የጉድለት መልስ ልዩነታቸው ጥቂት ነው። ልጆቹ የሚበሉት እንጀራ ያው አንድ ነው። ሰው ከወንበሩ በታች ሆኖ የተናገረውን ከወንበሩ በላይ ሆኖ ሲያስታውስ፥ ቃሉ እጅግ ይከብደዋል። ሹመትን ሁሉ የሚፈትነው ይህ ነው። በዚያች ቀን ከወረሱት ዕዳ አንዱ ሳይከፈል ቀረ፤ ይህን መሸሸግ ለእሳቸውም ክብር አይሆንም።

ሌላው ኀዘን ከዚህ ይከፋል። ከ1979 እስከ 1981 ዓ.ም. በአትላንታ ከ25 የሚበልጡ ጥቁር ልጆችና ወጣቶች እየጠፉ ተገድለው ተገኙ። አብዛኞቹ የድሆች ልጆች ነበሩ። እናቶቻቸው ማዘጋጃ ቤቱና ፖሊሱ ፈጥነው አልሰሙንም ብለው ጮኹ፤ ራሳቸውም ማኅበር አቁመው ፈለጉ። ከንቲባው ልጆች በሌሊት እንዳይወጡ አዋጅ አወጡ፤ ወንጀለኛውን ለጠቆመ 100,000 ዶላር ሽልማት እንዲሰጥ አደረጉ፤ ከዋሺንግተን መንግሥትም ርዳታ ለመኑ። በ1982 ዓ.ም. አንድ ሰው ሁለት ጎልማሶችን ስለ መግደሉ ተፈረደበት፤ ስለ ልጆቹ ሞት ግን ለብቻው የተፈረደበት ሰው የለም። በ2019 ዓ.ም. የከተማይቱ ከንቲባ የነበሩት ወይዘሮ ኪሻ ላንስ ቦተምስ ማስረጃው እንደ ገና እንዲመረመር አዘዙ። ከአርባ ዓመት በኋላ የእናት ልቅሶ ገና መልስ ይጠብቅ ነበር። ጥቁር ከንቲባ መሾም የጥቁርን ልጅ ሁሉ ከሞት እንደማያድን ከተማይቱ በታላቅ ኀዘን ተማረች።

ሕጉ ከሁለት ጊዜ በላይ ተከታትሎ መመረጥን ስለሚከለክል፥ ጃክሰን በ1982 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራቸውን ለአንድሩ ያንግ አስረክበው ወደ ጥብቅና ተመለሱ። በ1989 ዓ.ም. ሕዝቡ በብዙ ድምፅ መልሶ መረጣቸው። በ1990 ዓ.ም. አትላንታ የ1996ን የኦሊምፒክ ጨዋታ እንድታዘጋጅ በተመረጠች ጊዜ ከንቲባዋ እሳቸው ነበሩ፤ በ1992 ዓ.ም. በባርሴሎና የኦሊምፒኩን ሰንደቅ ዓላማ በከተማይቱ ስም ተቀበሉ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ልባቸው ታሞ በሐኪም ተቀደዱ። እንደ ገናም አልወዳደርም ብለው በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ ወንበሩን ተሰናበቱ። ጨዋታው ሲደረግ የክብሩ ወንበር የሌላ ሰው ሆነ። የዘራ ሁሉ አያጭድም።

በኋለኛው ዘመናቸው ሕዝብን በምርጫ መዝገብ ለማስጻፍ የሚደክም ማኅበር አቋቋሙ። ይህ የአያታቸው የመጀመሪያ ሥራ ነበረ። ከሹመቱ ሁሉ በኋላ ወደዚያ ወደ ቤት ለቤት ሥራ መመለሳቸው፥ ከአያታቸው የተቀበሉትን እንዳልረሱ ያሳያል። በጁን 23 ቀን 2003 ዓ.ም. በዋሺንግተን ከተማ አጠገብ ባለ የአውሮፕላን ማረፊያ ልባቸው ስለ ደከመ ወደቁ፤ በዚያም ቀን በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። አስከሬናቸው በአትላንታ ማዘጋጃ ቤት ተቀምጦ ሕዝቡ ተሰናበታቸው። የተቀበሩት ኦክላንድ በሚባለው በጥንቱ የከተማይቱ መቃብር ነው። ይህ መቃብር ለብዙ ዘመን ነጭና ጥቁር ተለይቶ የሚቀበርበት ቦታ ነበር።

በዚያው ዓመት የከተማው ምክር ቤት በታላቁ የአውሮፕላን ማረፊያ ስም ላይ ተማከረ። ማረፊያው አስቀድሞ በከንቲባ ሃርትስፊልድ ስም ይጠራ ነበር። አንዳንዱ የሃርትስፊልድ ስም ይፋቅ አለ፤ ሌላው አይነካ አለ። በመጨረሻ ሁለቱ ስሞች ተጋጠሙና ሃርትስፊልድ ጃክሰን ተባለ። አስተውሉ፤ አቶ ዶብስ መብራትና ፖሊስ ለመለመን በደጃቸው የቆሙት እኒያ ሃርትስፊልድ ናቸው። አሥር ሺህ መራጭ ይዛችሁ ኑ ያሉት ከንቲባና የለማኙ የልጅ ልጅ በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ተጻፉ። በዓለም ብዙ መንገደኛ ከሚያስተናግዱት ማረፊያዎች አንዱ ይኸው ነው። ከሜይ 2023 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደዚያ መብረር ስለ ጀመረ፥ በአትላንታ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ዘመዶቻቸውን የሚቀበሉት በዚያ ስም በተጻፈበት በር ነው።

የተከበራችሁ ምእመናን፤ በቅኔ ቤት ሰም ይቀልጣል፥ ወርቅ ይቀራል ሲባል ሁሉ ሰምቷል። የወረሱት ስምም እንደ ሰም ነው። ቅርጹ ያማረ ነው፤ እሳት ሲነካው ግን ይፈሳል፤ ከሥሩ ወርቅ ካለ ያን ጊዜ ይታያል፥ ከሌለም ባዶነቱ ይገለጣል። ለሜይናርድ ጃክሰን እሳቱ ብዙ ጊዜ መጣ፤ በቦስተን በውድቀት፥ በማረፊያው ሥራ በነጋዴዎች ቁጣ፥ በ1977 በድሆች ጥያቄ፥ በልጆቹ ሞት በእናቶች ጩኸት መጣ። በአንዳንዱ ወርቁ ታየ፤ በአንዳንዱ ሰሙ ብቻ ፈሰሰ። ያም ሆኖ አያት ከዘረዘሩት ከሦስቱ፥ ድምፁን አያት ጀመሩት፥ የመጽሐፉን ደጅ እናት ከፈቱት፥ የገንዘቡን በር ልጅ ከፈቱት። አንድ ትውልድ ብቻውን ሦስቱን ሊከፍል ባልቻለም ነበር።

ስለዚህ የአባቶቹን ስም ለሚሸከም ሰው ሁሉ፥ በማዘጋጃ ቤት ቢሆን፥ በአገልግሎት ቢሆን፥ በቤቱም ቢሆን፥ ጥያቄው አንድ ነው። አባቶቼ ምን ነበሩ ብሎ መጠየቅ የትዕቢት ጥያቄ ነው። አባቶቼ ምን ሳይፈጽሙ ቀሩ፥ ከእኔስ በኋላ ለሚመጣው ምን ዕዳ እተዋለሁ ብሎ መጠየቅ ግን የወራሽ ጥያቄ ነው። በዓል የሚከበረውም የተከፈለው ተቈጥሮ ያልተከፈለው እንዳይረሳ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።